የራስ ቅል ሳይከፈት የደምን መንገድ ማየት

በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር ቃል



በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ አንጎል ሕክምና ለመናገር የሚያበቃኝ ሐኪምነት የለኝም። ሙያዬ የተፈጥሮ ሳይንስ ማስተማር ነው፤ እጄም ከጠመኔ በቀር የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ይዞ አያውቅም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ዕዳ አለብኝ። ዕዳው ለአንዲት የሙያ ጓደኛችን ነው፤ ከፊሉን በቃል እከፍል እንደ ሆነ ብዬ የጉባኤውን ጥሪ በደስታ ተቀበልሁ።

ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያ ዕዳው እንዴት እንደ መጣ እነግራችኋለሁ። በሁለተኛው ሐኪሞች የራስ ቅል ሳይከፍቱ፣ በደም ቅዳ ውስጥም ቱቦ ሳያስገቡ፣ የአንጎል ዕጢ ደሙን ከየት እንደሚያገኝ የሚያዩበትን ጥበብ እገልጻለሁ። በሦስተኛው ይህ ነገር እኛን መምህራንን በምን እንደሚነካን አሳስባለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

የሳጃና ነገር

ሳጃና በካርቱም ከተማ ከመካከለኛው ክፍል ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በዐረብኛ የወህኒ ቤት ጠባቂዎች ማለት ነው። ከጎኑ ያለው ዴም የሚባለው ሰፈር የአገራችን ሰዎች በብዛት የኖሩበት ስለ ነበረ፣ እኔም ለስደተኛና ለነጋዴ ልጆች አስተምር በነበረበት ዘመን በሳጃና አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ብዙ ዓመት ተቀመጥሁ። ሳጃና በከተማው ሁሉ የታወቀው በሕንፃ ዕቃ ገበያው ነው። ብረቱ፣ ስሚንቶው፣ ቀለሙ፣ የውሃ ቧንቧው በየሱቁ ደጃፍ ተከምሮ ይታያል።

በዚያ ገበያ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ግድግዳ ለማፍረስ በተጠሩ ጊዜ መዶሻቸውን ወዲያው አያነሡም ነበር። አስቀድመው ከሜዳ ላይ ያለውን መዝጊያ ይፈልጋሉ፤ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚያልፍ ባለቤቱን ይጠይቃሉ፤ ከዚያም በእጃቸው ግድግዳውን ዳስሰው ርጥበቱን ያያሉ። ልጅ እግር ሠራተኞች ሲስቁባቸው፣ «ግድግዳ መስበር ለማንም ይቻላል፤ ቤቱን ውሃ ሳያጥለቀልቀው መስበር ነው ሙያው» ይሉ ነበር። ይህን ቃል ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ ሰማሁት። ኋላ ግን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲያስረዱን በሰማሁ ጊዜ የሽማግሌው ነገር ትዝ አለኝ።

በምሠራበት ትምህርት ቤት አንዲት የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ አምሳ ይጠጋል፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ኡስታዛ እያሉ በአክብሮት ይጠሯቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ጠባያቸው እየተለወጠ ሄደ። ትዕግሥታቸው የታወቀ ሴት በትንሽ ነገር ይቆጡ ጀመር፤ የፈተና ወረቀት ሳያርሙ ይመልሳሉ፤ ሰዓት አያከብሩም፤ አንዳንድ ጊዜም በክፍል ውስጥ ተቀምጠው ምንም ሳይሉ መስኮቱን ሲመለከቱ ይገኛሉ። የተማሪ ወላጆች አቤቱታ አቀረቡ። እኔ በዚያ ዓመት የምክትል ዲሬክተርነቱን ሥራ ደርቤ እሠራ ስለ ነበረ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍሁላቸው። በደብዳቤው ላይ «በቸልተኝነት» የሚል ቃል አስገብቻለሁ። ፊርማውም የእኔ ነው።

ደብዳቤውን ከሰጠኋቸው ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ቤታቸው ቡና ተጠርተን ሄድን። ቡናውን የሚቆሉት ራሳቸው ነበሩ። ብረት ምጣዱ ላይ ቡናው ጠቆረ፤ ከዚያም ከሰለ፤ ጭሱ ክፍሉን ሞላው፤ እኛ ስናስልና ዓይናችንን ስናብስ እርሳቸው በእርጋታ ያማስላሉ። ወንድማቸው ምጣዱን ከእጃቸው ነጥቆ፣ «እትዬ፣ አይሸትሽም?» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከፋሲካ ወዲህ ምንም ነገር አይሸተኝም» አሉ።

ስለ ሽታው ለማንም አልተናገሩም ነበር፤ ጉንፋን መስሏቸው ነው። ስለ ዓይናቸው መድከም ግን አንድ ሐኪም ዘንድ ሄደው መነጽር ታዞላቸው ነበር። ከዚያች ዓርብ በኋላ ወንድማቸው ወደ ሌላ ሐኪም ወሰዳቸው፤ ምርመራ ታዘዘ፤ በግንባራቸው አጥንት ጀርባ፣ ከአፍንጫው ሥር በላይ፣ ከመንደሪን የሚበልጥ ዕጢ ተቀምጦ ተገኘ። ዕጢው ሜኒንጂዮማ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይኸውም ከአንጎል ራሱ ሳይሆን አንጎልን ከሸፈነው ልባስ የሚበቅልና በአብዛኛው ቀስ እያለ የሚያድግ ነው። በዚህ ስፍራ ሲበቅል አስቀድሞ የማሽተትን ነርቭ ይጫናል፤ ቀጥሎ ጠባይን የሚገዛውን የአንጎል ፊተኛ ክፍል ይገፋል፤ በመጨረሻም የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። እኔ በደብዳቤዬ ቸልተኝነት ብዬ የጻፍሁት ነገር ዕጢው ነበር።

ደም ለምን መታየት አለበት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እገባለሁ። የሰው አንጎል ክብደቱ ከ1 ኪሎ ግራም ተኩል ያንሳል፤ ይህም ከመላው አካላችን ክብደት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ነው። ልብ ከምትረጨው ደም ግን ከመቶ 15 ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው፤ ከምንተነፍሰው ኦክሲጅንም ከመቶ 20 ያህሉን ይበላል። በአንድ ደቂቃ ሦስት አራተኛ ሊትር የሚያህል ደም ያልፍበታል። ይህን ደም የሚያመጡለት በአንገት ፊትና ኋላ የሚወጡ አራት ታላላቅ ደም ቅዳዎች ናቸው። የራስ ቅሉን የውጭ ክፍልና የአንጎልን ልባስ ደግሞ በአብዛኛው ሌላ የደም ቅዳ ቅርንጫፍ ይመግባቸዋል።

ዕጢም ሕይወት ያለው ነገር ስለ ሆነ ያለ ደም አያድግም። ይሁዳ ፎክማን የተባለው አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1971 እንዳስረዳው፣ ዕጢ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ለመግዘፍ አዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ መጥራት አለበት። ስለዚህ የዕጢ ታሪክ ከደም መንገዱ ተለይቶ አይነገርም።

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ይህን መንገድ ማወቅ የሚፈልገው በአራት ምክንያት ነው። መጀመሪያ፣ የደሙን ምንጭ ያወቀ እንደ ሆነ አስቀድሞ ምንጩን ዘግቶ ዕጢውን ከዚያ በኋላ ማውጣት ይችላል፤ ካላወቀ ግን ዕጢውን ሲነካ ደሙ ስፍራውን ይሸፍንበታል። ሁለተኛ፣ ጤነኛውን አንጎል የሚመግብ ደም ቅዳ በዕጢው ላይ ተዘርግቶ ወይም በዕጢው ተከብቦ እንደ ሆነ ማወቅ አለበት፤ ያ ደም ቅዳ ቢቆረጥ ሕመምተኛው ሽባ ሊሆን ወይም ንግግር ሊያጣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ከአንጎል ከራሱ በሚበቅሉት ዕጢዎች ዘንድ የደሙ ብዛት የክፋታቸው ምልክት ይሆናል፤ ክፉዎቹ ብዙ ጊዜ ደማቸው የበዛ ነው፤ ናሙና የሚወሰድበትንም ስፍራ ያመለክታል። አራተኛ፣ ለቀዶ ሕክምናው ስንት ከረጢት ደም መዘጋጀት እንዳለበት አስቀድሞ ይታሰባል። የሳጃናው ሽማግሌ ቧንቧውን ሳያውቁ መዶሻ አያነሡም የነበረበትም ምክንያት ይኸው ነው።

የቀድሞው መንገድ

ራጅ በ1895 በጀርመኑ ሊቅ በሮንትገን ከተገኘ በኋላ የሰው አጥንት በሕይወት ሳለ ታየ። አንጎል ግን ለስላሳ ስለ ሆነ በራጅ ፊት እንደ ጥላ እንኳ አልታየም። በ1918 አሜሪካዊው ዋልተር ዳንዲ በአንጎል ውስጥ ያሉትን የፈሳሽ ጓዳዎች አየር አስገብቶባቸው በራጅ አነሣቸው፤ ዕጢው የት እንዳለ የሚታወቀው ጓዳዎቹ ወዴት እንደ ተገፉ በመመልከት ነበር። ሕመምተኞች ይህን ምርመራ ከቀዶ ሕክምናው ባላነሰ ይፈሩት እንደ ነበር ይነገራል።

ደሙን ራሱን ለማየት የቻለው በ1927 በሊዝቦን ከተማ ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው። በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ራጅ የማያሳልፍ ፈሳሽ አስገብቶ ወዲያው ፎቶግራፍ አነሣ፤ የአንጎል የደም ሥሮችም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተው ታዩ። ለዚህ የደረሰው ከብዙ ሙከራና ከአንድ ሕመምተኛ ሞት በኋላ ነው። በ1953 ስዊድናዊው ሴልዲንገር ቀጭን ቱቦ በመርፌና በሽቦ ረዳትነት ወደ ደም ቅዳ የማስገባትን ዘዴ ስላሻሻለ፣ ምርመራው አንገትን ከመቁረጥ ተላቅቆ ከብሽሽት በሚገባ ቱቦ የሚደረግ ሆነ። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ ለትንንሾቹ የደም ሥሮች ከሁሉ የጠራውን ሥዕል ይሰጣል። ነገር ግን ቱቦው በደም ቅዳ ውስጥ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ የደም ጓል ወደ አንጎል ልኮ ጉዳት ያደርሳል፤ የሠለጠነ ባለሙያና ውድ መሣሪያም ይጠይቃል።

ቱቦ የማይገባበት መንገድ

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ለውጥ በከፊል የአፍሪካ ምድር ፍሬ ነው ብል አልተሳሳትሁም። በ1956 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን ግሮተ ስኩር ሆስፒታል ለጥቂት ጊዜ ይሠራ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ፣ ራጅ ከብዙ አቅጣጫ አልፎ የሚሰጠው ቁጥር ተሰብስቦ በሒሳብ ቢሰላ የአካልን ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ ማሳየት እንደሚችል አሰበ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጎድፍሪ ሐውንስፊልድ መሣሪያውን ሠራ፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ተመረመረች፤ በፊተኛው የአንጎሏ ክፍል ዕጢ አለ ተብላ የተጠረጠረች ሴት ነበረች። ሁለቱ ሊቃውንት በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ ሲቲ ስካን የምንለው ይህ ነው። በክንድ ደም መልስ አዮዲን ያለበት መድኃኒት ተሰጥቶ ወዲያው የተነሣ እንደ ሆነ፣ ታላላቆቹ የአንጎል ደም ቅዳዎች በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ይታያሉ።

ሌላው መሣሪያ ኤም አር አይ ነው። ይህ ራጅ አይጠቀምም፤ በብርቱ ማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ይሠራል። የሚያነብበውም በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ነው። ሥዕል የሚወጣበትን መንገድ በ1973 ያሳየው አሜሪካዊው ፖል ላውተርበር ነው፤ እርሱና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ በ2003 ተሸልመዋል። በዚህ መሣሪያ ደምን የማየት ሦስት ዋና መንገድ አለ፤ መምህራን ስለ ሆንን በምሳሌ ላስረዳ።

አንደኛው መንገድ መድኃኒት የማይሻና የታላላቆቹን ደም ቅዳዎች ቅርጽ የሚያሳይ ነው። መሣሪያው በአንድ ስፍራ ላይ የሬዲዮ ሞገድ ደጋግሞ ይልካል። በስፍራው የተቀመጠው ሥጋ ሞገዱን ደጋግሞ ስለ ተቀበለ ይደክምና መልስ መስጠት ያቆማል፤ አሁን ከውጭ የመጣው ደም ግን ገና ስላልደከመ በብርቱ ይመልሳል፤ ስለዚህ ደሙ ብቻ ደምቆ ይታያል። በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ የተቀመጡ ተማሪዎችን ጠይቃችሁ ማንም እጁን ባያነሣ፣ አሁን ከሜዳ የገባው ልጅ ግን ዘሎ ቢመልስ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ የተጀመረ ነው። በክንድ ደም መልስ ጋዶሊኒየም የተባለ መድኃኒት በፍጥነት ይሰጥና፣ በአንጎል በኩል ሲያልፍ በየአንድ ሁለት ሰኮንዱ ሥዕል ይነሣል። መድኃኒቱ ባለፈበት ስፍራ ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ብዙ ደም ያለበት ስፍራ ብዙ ይደበዝዛል። ከዚህም የዕጢው ደም ከጤነኛው አንጎል በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይሰላል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነው። በ1992 የተገለጠ ሲሆን ምንም መድኃኒት አይሰጥበትም፤ ምልክት ተደርጎ የሚላከው የሕመምተኛው የራሱ ደም ነው። ደሙ በአንገት በኩል ሲያልፍ መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ በደሙ ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ይገለብጠዋል። ከዚያ ሁለት ሰኮንድ ያህል ይጠበቃል፤ ምልክት ያለበት ደም ወደ አንጎልና ወደ ዕጢው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሥዕል ይነሣል። ቀጥሎ ያለ ምልክት ሌላ ሥዕል ይነሣና አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። የሚቀረው ልዩነት በዚያች አጭር ጊዜ የደረሰው ደም ብቻ ነው። ገበሬዋ እናት ሕፃኗን አቅፋ በሚዛን ላይ ስትቆም፣ ከዚያም ብቻዋን ስትቆም፣ ከልዩነቱ የሕፃኑ ክብደት እንደሚገኝ ያለ ነው። ልዩነቱ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሥራው ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፤ ቢሆንም በአምስት ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። መርፌ ስለማይሻ ለሕፃናትና ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ይልቁን ይስማማል። ከዚህም በላይ ምልክቱ በአንድ ደም ቅዳ ላይ ብቻ እንዲደረግ ስለሚቻል፣ ዕጢው የሚጠጣው ከቀኙ ምንጭ ነው ወይስ ከግራው፣ አንጎልን ከሚመግበው ቅርንጫፍ ነው ወይስ ልባሱን ከሚመግበው የሚለው ጥያቄ ቱቦ ሳይገባ መልስ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ከልክ በላይ አላወድስም። ምልክቱ በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ ደሙ በዝግታ በሚሄድበት ሰው ላይ ሥዕሉ ያታልላል። ሕመምተኛው ቢንቀሳቀስ ይበላሻል። በጣም ቀጭን የሆኑት የደም ሥሮች አይለዩም። የዕጢው ደም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በቱቦ በሚገባ መድኃኒት እንዲዘጋ የታሰበ እንደ ሆነም ቱቦው መግባቱ አይቀርም። ስለ ሆነም አዲሱ መንገድ አሮጌውን አልሻረውም፤ ማን ቱቦ እንደሚያስፈልገውና ማን እንደማያስፈልገው ግን ይለያል።

የመምህርቷ ሥዕል

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ በጓደኛችን ላይ አየሁት። ሦስተኛው መንገድ በዚያ አልተገኘም፤ በኤም አር አይና በክንድ መርፌ በተደረገ ሲቲ ግን ደም ቅዳዎቻቸው ታዩ። ሱዳናዊው ሐኪም ወንድማቸውንና እኔን አስቀምጠው ሥዕሉን በመስኮት ብርሃን ፊት ዘረጉልን። ወንድማቸው በከተማው ሲወራ ሰምቶ፣ «በቱቦ ደሙን ዘግታችሁ ብታወጡት አይሻልም?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ በብዕራቸው ጫፍ አሳዩን። ዕጢው በአብዛኛው የሚጠጣው ከዓይን ደም ቅዳ ከሚነሡና በአፍንጫው ሥር አጥንት በኩል ከሚወጡ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ነው። የዓይንን ብርሃን የሚመግበውም ደም ከዚያው ግንድ ነው። «ይህን ከውስጥ ለመዝጋት ብሞክር የቀረውን ዓይን ላጠፋ እችላለሁ» አሉ። ቀጥለውም በዕጢው ጀርባ ላይ የተዘረጉትን ሁለቱን የፊት አንጎል ደም ቅዳዎች አሳይተው፣ «አስቀድሜ ከሥሩ አጥንት በኩል ምንጩን አደርቃለሁ፤ ከዚያ ውስጡን አጎድላለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን መጨረሻ እደርስባቸዋለሁ» አሉን። እኔ ዐረብኛውን ለወንድማቸው እየተረጎምሁ ሳለ የሳጃናው ሽማግሌ ድምፅ በጆሮዬ ነበረ።

ወንድማቸው ፈቃዱን ለመስጠት ሁለት ቀን ጠየቀ። በሁለተኛው ቀን መምህርቷ ራሳቸው ሥዕሉን አስመጥተው፣ በደከመ ዓይናቸው ወደ መብራት አስጠግተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የሒሳብ መምህርት አይደሉም? ከዕጢው እስከ ደም ቅዳው ያለውን ርቀት በስንት ሚሊሜትር እንደሚለካ ጠየቁ። መልሱን ከሰሙ በኋላ፣ «ሰውየው ስሌቱን ሠርቶታል፤ ይክፈተው» አሉ። ቀዶ ሕክምናው ስምንት ሰዓት ፈጀ። አራት ከረጢት ደም እንዲዘጋጅ ታዞ ነበር፤ ደሙን የሰጡት ሁለት መምህራን፣ አንድ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና አንድ ከሳጃና ገበያ የመጣ የብረት ነጋዴ ናቸው። ከአራቱ የተደረገላቸው ሁለቱ ብቻ ነው።

በአገራችንና በጎረቤት

ካርቱም በአል ሻዓብ ሆስፒታልና ኋላም በብሔራዊው የነርቭ ሳይንስ ማዕከል ለሱዳን ብቻ ሳይሆን በዚያ ለሚኖር ስደተኛም የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚገኝባት ከተማ ነበረች። አፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን አብዛኞቹ የከተማዋ ሆስፒታሎች ሥራቸው ተቋረጠ፤ ሐኪሞቹም እንደ ነዋሪው ተበተኑ። ብዙ ዓመት የተሠራ ነገር በጥቂት ቀን እንደሚፈርስ በዓይናችን አየን። እኛም በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገባን።

በአገራችን ደግሞ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ለረጅም ዘመን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ የማሠልጠን ሥራ ተጀመረ። በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል በሚባለው ስፍራ የሠለጠኑት ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭም ያገለግላሉ። ሲቲና ኤም አር አይም ከቀድሞው ይልቅ ተስፋፍተዋል። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዓይኑ ከጠፋ፣ ዕጢውም እጅግ ከገዘፈ በኋላ ነው። መሣሪያው የሚያየው ወደ እርሱ የደረሰውን ሰው ብቻ ነው። ወደ መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ ያለውን መንገድ የሚጠብቁት ዘመድ፣ ጎረቤትና መምህር ናቸው።

የእኛ ድርሻ

ስለዚህ ሦስተኛውን ክፍል በአጭሩ እናገራለሁ። ልጅን በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሥራ ላይ የሚያይ ሰው ከመምህሩ በቀር የለም። ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ እንዲያውም እጅግ አብዛኛው አይደለም፤ ስለዚህ ወላጅን ማስደንገጥ አይገባም። ነገር ግን በማለዳ ከማስታወክ ጋር የሚመጣና እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የመንቀጥቀጥ ሕመም፣ የሰሌዳ ጽሑፍ ማየት መሳን፣ አረማመድ መንገዳገድ፣ የተዋበ የእጅ ጽሑፍ ያለ ምክንያት መበላሸት፣ የጠባይ መለወጥ ሲታይ፣ መምህሩ ቀኑን በማስታወሻው ጽፎ ለወላጅ ያሳውቅ፤ ወደ ሐኪምም እንዲወሰድ ይምከር። ወላጅ ልጁን ወደ ጠበል ቢወስደው አንቃወመው፤ ከጠበሉ መልስ ወደ ምርመራ እንዲወስደው ግን አብረን እንለምነው።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ብዙ ዓመት በትጋት ያገለገለ ሰው በድንገት ሌላ ሰው የሆነ እንደ ሆነ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት አስጠርታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጥያቄ እኔ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ኖሮ ስለ ሽታው ይነግሩኝ ይሆናል፤ ምናልባትም ከቀኝ ዓይናቸው ጥቂት ብርሃን ይተርፍ ነበር።

ሦስተኛ፣ ደም እንስጥ። የትኛውም ጥበብ የደሙን መንገድ ቢያሳይ፣ በከረጢት ያለውን ደም የሚተካ ነገር የለም። ዕድሜያችንና ጤናችን የሚፈቅድልን መምህራን በማኅበራችን ስም በዓመት ቀን ወስነን ብንሰጥ፣ ተማሪዎቻችን ስለ ደም ዝውውር ከመጽሐፍ ከሚማሩት የበለጠ ይማራሉ።

መምህርቷ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ በአንድ ዓይናቸው ያያሉ፤ ጠባያቸውም ተመልሷል። ደብዳቤዬን ይቅርታ ጠይቄ ከማኅደራቸው ባወጣሁት ጊዜ አንብበው ሳቁና፣ የቃል አጻጻፍ ስሕተት ያለበትን መስመር በቀይ አርመው መለሱልኝ። እርሱን እስከ ዛሬ አኑሬዋለሁ። የማሽተት ነርቩ ግን ሊድን አልቻለም። ቡና ሲቆሉ በሽታ ስለማይረዱ፣ ምጣዱ ላይ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ፍሬው ሲፈነዳ የሚያሰማውን ድምፅ ይቆጥራሉ። ባለፈው ወር ጠርተውን ሄደን ነበር። ቡናው አላረረም።